«ኢኮኖሚስት ባንክ ይምራ፣ አገር አይምራ» ላሉት ጸሐፊ፦ ስለ ማንሞሃን ሲንግ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከጓደኛ ጓደኛ ሲተላለፍ ቆይቶ እኔም ዘንድ ደረሰ። ርዕሱ «ኢኮኖሚስት ባንክ ይምራ፣ አገር አይምራ» ይላል። ምስክር አድርጎ የጠራው የህንዱን የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ማንሞሃን ሲንግን ነው። ሰውየው ዲሴምበር 2024 ላይ በ92 ዓመታቸው ሲሞቱ ብዙ ተብሎላቸዋል፤ ጸሐፊው ያ ሁሉ ሙገሳ አንገሽግሿቸው ብዕር ያነሱ ይመስላሉ።

ባጭሩ የሚሉት ይሄ ነው። ማንሞሃን ድህነትን ከመጽሐፍ የተማሩ የካምብሪጅ ልጅ ናቸው። በ1991 ያደረጉት ነገር የአይ ኤም ኤፍን ትእዛዝ መፈጸም ነው። ሕዝብ መርጧቸው አያውቅም። አሥር ዓመት ሙሉ የፓርቲያቸው የኮንግረስ መሪ የሶኒያ ጋንዲ አሻንጉሊት ነበሩ። ሌባ ሲዘርፍ ዝም ብለው አዩ። ለአፍሪካም ቢሆን ምንም ናቸው። ስለዚህ፣ ይላሉ ጸሐፊው፣ እኛም ፕሮፌሰሮቻችንን ከፖለቲካ እናርቃቸው።

ከስድስቱ አንዱ ላይ እስማማለሁ፣ አንዱ ላይ ግማሽ በግማሽ። የቀሩት ግን እንዲሁ መታለፍ የለባቸውም። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፤ የእኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።)

«ድህነትን ከመጽሐፍ የተማሩ» የሚለውን ሳነብ ሳቄ መጣ። ማንሞሃን በ1932 የተወለዱት ጋህ በምትባል የፑንጃብ መንደር ነው፣ ዛሬ ፓኪስታን ውስጥ ናት። መብራት የሌላት መንደር። እናታቸው ገና በልጅነታቸው ሞቱ፤ ያሳደጓቸው አያታቸው ናቸው። የሚያጠኑት በኩራዝ ነበር፤ ካደጉ በኋላ ዓይናቸው ለምን እንደደከመ ሲጠየቁ የሚሰጡት መልስም ያው ኩራዙ ነበር። በ1947 ህንድና ፓኪስታን ሲለያዩ ቤተሰቡ ያለውን ጥሎ ተሰደደ። ካምብሪጅም የሄዱት በስኮላርሺፕ ነው። በ1957 በአንደኛ ደረጃ ማዕረግ ጨረሱ፣ ከዚያ ኦክስፎርድ ገብተው በ1962 ዶክትሬታቸውን ያዙ። የኩራዝ ጭስ ሲምግ ያደገን ሰው «ድህነትን አያውቅም» ማለት፣ እንግዲህ፣ ምን ይባላል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። 1991።

ጸሐፊው «የአይ ኤም ኤፍ ተላላኪ» ብለው በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘግተውታል። እኔ ግን እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ለእኛ አንባቢ ይሄ ታሪክ ሩቅ አይደለም። የዶላር እጥረት ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ባንክ ኤልሲ ለመክፈት ወረፋ የጠበቀ ነጋዴ ያውቃል፤ መድኃኒት ፍለጋ ከፋርማሲ ፋርማሲ የዞረም ያውቃል።

ህንድ ያኔ እንዲህ ሆና ነበር። የባሕረ ሰላጤው ጦርነት ሲነሳ የነዳጅ ዋጋ ናረ፤ ኩዌት ሆነው ብር ይልኩ የነበሩ ህንዳውያን ሥራቸውን ጥለው ተመለሱ። መንግሥት ደግሞ ለዓመታት ከገቢው በላይ ሲያወጣ ከርሟል። በ1991 አጋማሽ አገሪቱ እጅ ላይ የቀረው የውጭ ምንዛሪ ለሁለት ሦስት ሳምንት ዕቃ መግዣ ብቻ ነበር። ወርቅ ወጣ። መጀመሪያ 20 ቶን መልሶ ለመግዛት በሚል ውል ተሸጠ፣ ከዚያ ጁላይ ላይ ወደ 47 ቶን የሚጠጋ በአውሮፕላን ተጭኖ ለውጭ ባንኮች መያዣ ሆነ። ወርቅ በምታከብር አገር ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ለሐበሻ ማስረዳት አይጠበቅብኝም፤ የእናቱን የአንገት ሐብል ወለድ አገድ ያስያዘ ሰው ይገባዋል።

በዚህ ሰዓት ነው ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ናራሲምሃ ራኦ ማንሞሃንን ለገንዘብ ሚኒስትርነት የጠሩት። ያኔ ማንሞሃን ፖለቲከኛ አልነበሩም። የገንዘብ ሚኒስቴር ዋና የኢኮኖሚ አማካሪ፣ የማዕከላዊ ባንክ ገዢ፣ የፕላን ኮሚሽን ምክትል ሊቀ መንበር ሆነው ሠርተዋል፤ በዚያን ወር የዩኒቨርሲቲዎች ኮሚሽን ሊቀ መንበር ነበሩ። ለሹመት ሲታሰቡ የምር አልመሰላቸውም። በማግስቱ ቢሮ ገብተው ሳለ ራኦ ደውለው ቤትዎ ሄደው ልብስ ለውጠው ለቃለ መሐላ ይምጡ አሏቸው። ራኦ እንደ ቀልድ የጨመሩት ነገርም ነበር፤ ማንሞሃን ራሳቸው ናቸው በኋላ ያወሩት። ነገሩ ከተሳካ ምስጋናውን ሁላችንም እንካፈላለን፣ ካልተሳካ ግን አንተ ትባረራለህ። ቀልዱ ቀልድ አይደለም፤ የኢኮኖሚስት ፖለቲከኛ የሥራ ውል ማለት ይሄ ነው።

ጁላይ 1 የህንድ ገንዘብ የሩፒ ዋጋ ተቀነሰ። ጁላይ 3 እንደገና። ሁለቱ ተደምረው ወደ 20 በመቶ ገደማ። በመካከሉ ራኦ ፈሩ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ለማንሞሃን ደውለው ሁለተኛው ዙር ይቁም አሉ። ማንሞሃን ማዕከላዊ ባንክ ደወሉ፤ ምክትል ገዢው ራንጋራጃን «አልቋል» አሏቸው፣ ውሳኔው ይፋ ወጥቷል። ማንሞሃን በልባቸው ደስ ሳይላቸው አልቀረም። ተላላኪ የሚባል ሰው አለቃው ቁም ሲለው «እሰይ ረፍዷል» አይልም።

ጁላይ 24 በጀቱ ቀረበ። በዚያው ቀን ከ18 ዘርፎች በቀር የኢንዱስትሪ ፈቃድ የሚባለው ነገር ቀረ። ይሄ ፈቃድ ምን እንደነበር ልንገራችሁ። ባለፋብሪካ መንግሥት ከፈቀደለት ቁጥር በላይ ማምረት አይችልም ነበር። ዛሬ ሐዋሳና ባሕር ዳር መንገድ የሚያጣብቡትን ባጃጆች የሚሠራው ኩባንያ ያኔ ያመርት የነበረውን ስኩተር ለመግዛት፣ ህንዳዊው ብር ከፍሎ ለዓመታት ወረፋ ይጠብቅ ነበር። ገዢ አለ፣ ፋብሪካ አለ፣ ወረቀት የለም። ማንሞሃን ንግግራቸውን ሲዘጉ የቪክቶር ሁጎን አባባል ጠቀሱ፣ ጊዜው የደረሰን ሐሳብ በምድር ላይ የሚያቆመው ኃይል የለም የሚለውን።

አይ ኤም ኤፍ አልነበረም እያልኩ አይደለም። ነበረ፣ አበድሯል፣ ቅድመ ሁኔታም አስቀምጧል። ግን ጸሐፊው ሦስት ነገር ዘለዋል። አንደኛ፣ ማንሞሃን ገና ወጣት ሆነው የኦክስፎርድ ጽሑፋቸውን የሠሩት ህንድ ኤክስፖርት ላይ ያላት ተስፋ መቁረጥ ስሕተት ነው ብለው ነው። ይሄ ከአይ ኤም ኤፍ ብድር 30 ዓመት ገደማ ይቀድማል። ተላላኪ መልእክቱን ከላኪው 30 ዓመት ቀድሞ አይጽፍም። ሁለተኛ፣ ሁሉንም በር በአንድ ቀን አልከፈቱም። የምንዛሪው ሥርዓት ደረጃ በደረጃ ነው የተለወጠው፣ 1992፣ 1993፣ 1994 እያለ፤ ካፒታል እንደልብ ገብቶ እንደልብ እንዲወጣ ደግሞ እስከ መጨረሻውም አልፈቀዱም። ማዳበሪያ ላይ 40 በመቶ ሊጨምሩ ብለው የራሳቸው ፓርቲ ሰዎች ሲጮኹባቸው ወደ 30 ዝቅ አድርገው ትንንሽ ገበሬዎችን ነፃ አወጡ። ሦስተኛ፣ ህንድ ከ1993 ወዲህ ከአይ ኤም ኤፍ አልተበደረችም። ይልቅ ኖቬምበር 2009፣ ማንሞሃን ጠቅላይ ሚኒስትር ሳሉ፣ የህንድ ማዕከላዊ ባንክ 200 ቶን ወርቅ ገዛ። ከማን? ከአይ ኤም ኤፍ። እንግዲህ 67 ቶን ወርቅ ለውጭ ባንኮች ያስረከበች አገር 18 ዓመት ቆይታ ከራሱ ከአይ ኤም ኤፍ 200 ቶን ስትገዛ ማን ማንን ላከ?

ጸሐፊው እዚህ ጋ የእኛን የሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ውሳኔ አምጥተው «ያው ነው» ይላሉ። ያው አይደለም። የህንዱ ቅነሳ ወደ 20 በመቶ ነበር። ብራችን ግን አንድ ዶላር በ57 ከሚመነዘርበት ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። በ1985 ዓ.ም. እንኳ ከ2.07 ወደ 5 ብር ነው የተዘለለው። የእኛ ጥሩ ነው መጥፎ ነው የሚለውን ሌላ ቀን እንነታረክ፤ ግን አንድ ዓይነት መድኃኒት ነው ብሎ መጠኑን አለማየት የሐኪም ሥራ አይደለም።

«ሕዝብ መርጧቸው አያውቅም» ወደሚለው ልለፍ። እውነት ነው። በ1999 በደቡብ ደልሂ ተወዳድረው ተሸንፈዋል፣ 30 ሺህ ገደማ በሆነ የድምፅ ልዩነት። ከዚያ ወዲህ በቀጥታ ምርጫ አልሞከሩም። ከ1991 ጀምሮ የገቡት በላይኛው ምክር ቤት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ በአሳም ክልል ስም። ጸሐፊው ይሄን እንደ ማጭበርበር ያቀርቡታል፤ የህንድ ሕገ መንግሥት ግን ጠቅላይ ሚኒስትር ከሁለቱ ምክር ቤቶች በአንዱ ይሁን ነው የሚለው። ደግሞ 2009 አለ። ሕዝቡ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ማን እንደሆነ እያወቀ ነው የሄደው፣ ፓርቲያቸውም ከ145 ወንበር ወደ 206 ከፍ አለ። በ2014 ደግሞ ያው ሕዝብ 44 አድርሶ አዋረደው። ሁለቱም ፍርድ ነው። አንዱን ብቻ መጥቀስ ግን ሒሳብ አይደለም።

ያም ሆኖ እዚህ ላይ ጸሐፊው የነኩት እውነት አለ፣ ራሳቸው ባያዩትም። የራስህ መራጭ ከሌለህ የራስህ ወንበር የለህም። ይሄ ወደ አሻንጉሊቱ ጉዳይ ያመጣናል።

በ2004 ኮንግረስ ሲያሸንፍ ሁሉም ሰው ሶኒያ ጋንዲን ነበር የሚጠብቀው። እሳቸው እምቢ ብለው ማንሞሃንን አስቀመጡ። ከዚያ አገሪቱ ሁለት ምሰሶ ኖራት፤ ፓርቲውን ሶኒያ፣ መንግሥትን ማንሞሃን። ጸሐፊው «ስለዚህ ምንም አልሠሩም» ይላሉ። በ2005 የገጠር ሥራ ዋስትና ሕግ ወጣ፣ ለአንድ የገጠር ቤተሰብ በዓመት 100 ቀን ሥራ። የሚገርመው እኛም ሴፍቲኔትን የጀመርነው በዚያው ዓመት ነው። ልዩነቱ የህንዱ መብት መሆኑ ነበር። በሕጉ መሠረት ሥራ ጠይቆ በ15 ቀን ውስጥ ያላገኘ ሰው መንግሥትን አበል ይጠይቅ ነበር። ያው 2005 ላይ ማንኛውም ዜጋ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ ሕግ ወጣ። በ2009 የትምህርት መብት ሕግ። በህንድ መንግሥት ቆጠራ ከድህነት ወለል በታች ያለው ሕዝብ በ2004/05 ከነበረበት 37.2 በመቶ በ2011/12 ወደ 21.9 ወረደ። ከእነዚህ ሕጎች ብዙዎቹን የገፋው የሶኒያ አማካሪ ምክር ቤት ነው፣ አልክድም። ግን በሶኒያ ግፊት የመጣ ሥራ ሁሉ የሶኒያ፣ በሶኒያ ዘመን የመጣ ጥፋት ሁሉ የማንሞሃን ተብሎ ሲቆጠር ትንሽ ይደብራል።

ደግሞስ አሻንጉሊት በ2008 ያንን ያደርጋል? ከአሜሪካ ጋር የኑክሌር ስምምነት ሊፈርሙ ሲሉ መንግሥታቸውን ደግፈው ያቆሙት የግራ ፓርቲዎች «ከፈረምክ እንወጣለን» አሉ። ፓርቲያቸው ውስጥ ብዙ ሰው ቢቀር ይሻላል ባይ ነበር። ሰውየው አልቀርም አሉ። ጁላይ 22 ምክር ቤቱ የመተማመኛ ድምፅ ሰጠ፣ 275 ለ256። ክርክሩ በሚካሄድበት አዳራሽ የተቃዋሚ አባላት ጉቦ ተሰጠን ብለው የብር እስር ሲያውለበልቡ ዓለም አይቷል። ንጹሕ ድል ነበር ብዬ አልሟገትም። ግን ሥልጣናቸውን ቁማር ላይ አስቀምጠው አሸንፈዋል፤ ገመዱን ሌላ ሰው የሚስበው አሻንጉሊት እንዲህ አያደርግም።

ሁለተኛው ዘመን ግን፣ ከ2009 እስከ 2014፣ ሌላ ታሪክ ነው። እስማማለሁ ያልኩት ነጥብ እዚህ ጋ ነው። በ2008 በርካሽ የተቸበቸበው የሞባይል ሞገድ ፈቃድ ጉዱ ወጣ፤ በ2012 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 122 ፈቃድ ሰረዘ። የኮመንዌልዝ ጨዋታዎች ዝግጅት የዘረፋ መነጋገሪያ ሆነ። በመጀመሪያው ዘመን የድንጋይ ከሰል ጣቢያዎች ያለ ጨረታ መታደላቸውም ያኔ ይፋ ወጣ፤ ሲታደሉ የከሰል ሚኒስቴሩን ለተወሰነ ጊዜ ደርበው ይዘው የነበሩት ራሳቸው ማንሞሃን ናቸው። የሞገዱ ክስ በ2017 በነፃ መሰናበት አልቋል፣ ስለዚህ የተወራው ሁሉ እውነት ነው ማለት አይቻልም። ዝምታቸው ግን እውነት ነው። እኛ አገር «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይባላል። ማንሞሃን ተሾመው አልበሉም፣ ተሽረውም አልቆጫቸውም፤ ይሄን ጠላቶቻቸውም አይክዱም። ያላቸው የግል መኪና አሮጌ ማሩቲ 800 ነበረች፤ የጥበቃቸው መሪ የነበረ መኮንን ከሞታቸው በኋላ እንደተናገረው፣ የመንግሥቱ ቢ ኤም ደብሊው ፊት ለፊት ቆሞ እንኳ የእኔ መኪና ያቺ ናት ይሉት ነበር። ጥሩ። ግን ጠቅላይ ሚኒስትር የራሱን እጅ ብቻ አይደለም የሚጠብቀው። በገበታው ዙሪያ የተቀመጠውን ሰው እጅም ነው። የጥምር መንግሥት ግዴታ ነው ብለው ለማስረዳት ሞክረዋል፤ እኔን አላሳመኑኝም።

ሴፕቴምበር 2013 ደግሞ አለ። ማንሞሃን አሜሪካ ሄደው ሳለ የሶኒያ ልጅ ራሁል ጋንዲ ጋዜጠኞች ፊት ቀርቦ የካቢኔውን አዋጅ «እርባና ቢስ» ብሎ ተቀዶ መጣል አለበት አለ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም። ያን ቀን ሥልጣን ቢለቁ ኖሮ ታሪካቸው ዛሬ ሌላ ይሆን ነበር ብዬ አስባለሁ። አልለቀቁም። ጃንዋሪ 2014 በሰጡት መግለጫ ታሪክ ከዛሬው ሚዲያና ከተቃዋሚው ይልቅ ይራራልኛል አሉ። መራራቱንስ ራርቷል፣ ምናልባትም ከሚገባው በላይ፤ ይሄ ላይ የጸሐፊው ብስጭት ይገባኛል።

ግን እዩት። በ1991 የሠራውም በ2012 የደነዘዘውም ያው ኢኮኖሚስት ነው። ዕውቀቱ አልተለወጠም። የተለወጠው ከኋላው የቆመው ነው። በ1991 ራኦ የሚባል እድሜ ልኩን ፖለቲካ ሲያላምጥ የኖረ ሰው የኢንዱስትሪ ሚኒስቴሩን ራሱ ይዞ፣ ፓርቲውን እያባበለ፣ ዱላውን እየተቀበለ ጀርባ ሰጥቶታል። በሁለተኛው ዘመን ጀርባው ሌላ ቤት ነበር። ስለዚህ ከዚህ ታሪክ «ኢኮኖሚስት አገር አይምራ» የሚል ካወጣችሁ፣ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው። የከሸፈው አንድ ወንበር ለሁለት ሰው የሰጠው ፖለቲካ ነው፣ እሱን የፈጠሩት ደግሞ ፖለቲከኞቹ ናቸው። እኛም ዘንድ ፕሮፌሰር ሲሾም የምንጠይቀው ጥያቄ የት ተማረ የሚል ነው። ማን ከኋላው አለ፣ እምቢ ሲል ምን ይሆናል ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ እንኳ ኢኮኖሚስትነታቸው አልሞተም። በ2016 የህንድ መንግሥት ትልልቆቹን ኖቶች በአንድ ሌሊት ሲሰርዝ፣ ያ «ዝምተኛ» ሽማግሌ ምክር ቤት ተነስቶ ድርጊቱን የተደራጀ ዘረፋ ብሎ ጠራው፣ እድገቱም በሁለት ነጥብ ያህል ይወርዳል አለ። አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል እንዲሉ፣ ያንን አፍ በ2012 ቢከፍቱት ምናለ።

የመጨረሻው ነጥብ ቀላል ስለሆነ ቶሎ ልጨርሰው። «ለአፍሪካ ምንም» ተብሏል። ከ1987 እስከ 1990 ጄኔቫ የተቀመጠው የደቡብ (የታዳጊ አገሮች) ኮሚሽን ዋና ጸሐፊ ማንሞሃን ነበሩ፤ ሊቀ መንበሩ የታንዛንያው ጁሊየስ ኔሬሬ። በጠቅላይ ሚኒስትርነታቸው ግንቦት 2003 ዓ.ም. ሁለተኛው የአፍሪካና የህንድ ጉባኤ አዲስ አበባ ሲካሄድ መጥተዋል፤ ለአፍሪካ የ5 ቢሊዮን ዶላር ብድር ይፋ አድርገዋል፤ በፓርላማችንም ንግግር አድርገዋል፣ ይሄን ያደረጉ የመጀመሪያው የህንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ናቸው። ከዚያ ቀደም ብሎም ለተንዳሆ፣ ለፊንጫና ለወንጂ የስኳር ፋብሪካዎች የ640 ሚሊዮን ዶላር ብድር የሰጠን የእሳቸው መንግሥት ነው። ስኳሩ የት ደረሰ የሚል ካለ፣ ጥያቄውን ደልሂ ሳይሆን እዚሁ ያቅርብ።